ፒስተን አየር አይፈጥርም፦ በጎንደር ደጋ ስለ ሞተር የሚወራው ተረትና እውነታው

ጎንደር ውስጥ «መኪናዬ ዳገት ፈራ» ያለ ሰው ቀጥሎ የሚሰማው ፍርድ ከሞላ ጎደል ይታወቃል፦ ፒስተን ይቀየር። ገንዘብ ያለው ደግሞ ተራውን ትቶ ጋራዦች ፎርጅድ የሚሉትን፣ በፕሬስ ተቀጥቅጦ የተሠራውን ፒስተን ከውጭ ያስመጣል፤ ሞተሩ አንዴ ከወረደ አይቀር ኮምፕሬሽኑንም ከፍ ማድረግ ያምረዋል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን ሞተር ማደስ ለብዙዎች የግድ ሆኗል። ስለዚህ ወሬው ገንዘብ ያስወጣል። ወሬው ውስጥ እውነት ባይጠፋም፣ አብዛኛው ቆላ ላይ ለሚሮጥ የውድድር መኪና የተነገረ ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደባርቅ 2,850 ገደማ ይሆናል። ከደባርቅ በስሜን ፓርክ ውስጥ፣ በጨነቅ በኩል ወደ ጃናሞራ የሚሻገረው መንገድ ቧሂት ላይ 4,200 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ጋር ሲነጻጸር ጎንደር ላይ 77 በመቶ፣ ደባርቅ ላይ 70፣ ቧሂት ላይ 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር አየር የሚያስገባለት ይኸው ግፊት ነው፤ ሌላ ረዳት የለውም። ከዚህ በታች የሚነሳው አብዛኛው ነገር ከእነዚህ ሦስት የግፊት ቁጥሮች ይመነጫል።

«ጌጁ ዝቅ ካለ ፋሻው አልቋል»

ጌጁ የሲሊንደሩን የጭምቅ ግፊት የሚለካው ነው፤ ፋሻው ደግሞ የፒስተኑ ቀለበት። ብዙ ጤነኛ ሞተር በከንቱ የሚወርደው በዚህ እምነት ነው። በያሪስ፣ በኮሮላና በአንዳንዱ ቪትዝ ውስጥ የምናገኘውን 1,500 ሲሲ የቶዮታ ዋን ኤንዜድ ሞተር እንውሰድ። የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ጤነኛ ሲሊንደር ሲለካ 15 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ማሳየት አለበት ይላል፤ ዝቅተኛውን ወሰን 11 ላይ ያደርገዋል። ቁጥሮቹ ግን ለቆላ አየር የተጻፉ ናቸው። ያው ምንም ያልሆነ ሞተር ጎንደር ላይ ቢለካ 11.5 አካባቢ ያሳያል። ደባርቅ ላይ ደግሞ 10.5፤ ይኸውም ከፋብሪካው ወሰን በታች ነው። ትናንት ከሳጥን የወጣ ሞተር ደባርቅ ላይ «ያለቀለት» ሊባል ነው ማለት ነው። መጽሐፉን አምኖ ሞተሩን ያወረደ መካኒክ አልዋሸም፤ የቆመበትን ከፍታ አላሰላም እንጂ። ለባለቤቱ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ከፍታ የማያሳስተው መለኪያ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሞተሩ ይሙቅ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውለቁ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ጥግ ይረገጥ። ከዚያ አራቱም ሲሊንደሮች ከ11 እስከ 11.5 ካሳዩ ሞተሩን ተዉት። ለዚህ ሞተር ፋብሪካው የሚፈቅደው ልዩነት 1 ኪሎ ነው። ሦስቱ 11.5 አሳይተው አንዱ 8 ላይ ከቀረ ግን በዚያ ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥፋቱ ከፋሻው ወይም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ነው። ካልተነቃነቀ ባልቦላውን ወይም የቴስታታውን ጋስኬት ይፈትሹ፤ ያን ጊዜ የፒስተን ወሬ ጭራሽ አይነሳም።

ባጃጅ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ካርቡራቶሩ ለቆላ የተቃኘ ከሆነ ደጋ ላይ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ ፋሻው ያለጊዜው ይበላል። አነስ ያለች የነዳጅ ቀዳዳ ያላት ጂግለር መቀየር ከፒስተን ጋር ሲነጻጸር ዋጋዋ ከቁጥር አይገባም።

«ፎርጅድ ፒስተን ጉልበት ይጨምራል»

አይጨምርም። ቅርጹና ክብደቱ እኩል ከሆነ፣ የተቀጠቀጠውን በካስቱ ማለትም በሻጋታ ቀልጦ በተሠራው ቦታ ቢተኩት የሞተሩ ጉልበት አይለወጥም። ጉልበት የሚጨምረው ብዙ ጊዜ ከፎርጅዱ ጋር የሚመጣው ከፍ ያለ አናት ነው፤ እሱም ኮምፕሬሽኑን ስለሚያሳድግ። ታዲያ ስንት ይጨምራል?

ዋን ኤንዜድ ሞተር በፋብሪካው ወረቀት 109 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የኮምፕሬሽን ሬሾው፣ ማለትም አየሩ በስንት እጥፍ እንደሚታመቅ የሚያሳየው ቁጥር፣ 10.5 ነው። ጎንደር ላይ የሚቀረው 84 ያህል፣ ደባርቅ ላይ 76 ያህል ነው። ሬሾውን ወደ 12 ለማሳደግ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ከፒስተኑ አናት በላይ ከሚቀረው 39 ሲሲ ያህል ክፍተት ላይ 5 ሲሲ ተኩል መቀነስ ያስፈልጋል፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ እምብዛም አይበልጥም። በወረቀት ስሌት ይህ ለውጥ የሚሰጠው ትርፍ ከ4 በመቶ በታች ነው። ጎንደር ላይ 84ቱ 87 ሆነ እንበል። ከፍታው 25 ፈረስ ወስዶ ፒስተኑ ሦስት መለሰ። ያውም ሥራው ሁሉ ሳይዛነፍ ከተሠራ ነው።

ይህን ለመስማት የማይወድ ወዳጅ አይጠፋም፤ ፒስተኑን ቀይሮ መኪናው «በረረ» የሚል አለና። ብዙ ጊዜ የበረረው ያረጀ ፋሻ ስለተቀየረ፣ ባልቦላ ስለተሳለና ኩሽኔታ ስለታደሰ ነው። ይህን ሁሉ በፋብሪካው ካስት ፒስተንም ያገኘው ነበር።

«ከፍተኛ ኮምፕሬሽን ያለ ፎርጅድ አይቻልም»

ይህ በአጭሩ የሚመለስ ነው። ቱሪስት ጭነው ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ ከሚወጡት የድሮ ላንድክሩዘሮች ብዙዎቹ የሚይዙት ዋን ኤችዜድ የናፍጣ ሞተር ሬሾው ከ22 በላይ ነው፤ ፒስተኑ ካስት ነው። ማዝዳ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 14 ሬሾ ያላቸውን የቤንዚን ሞተሮች ለሕዝብ ሲሸጥ ፒስተናቸው ካስት ነበር።

ፎርጅድ የሚያስፈልገው ለሌላ ነገር ነው፦ ተርቦ ለተገጠመለት፣ ከፋብሪካው ወሰን በላይ ለሚሽከረከር፣ ወይም ሊያንኳኳ ለሚችል ሞተር። ሞተር ሲያንኳኳ ነዳጁ ያለ ሰዓቱ በድንገት ይፈነዳል። ካስት ፒስተን ደረቅ ስለሆነ በፋሻዎቹ መካከል ያለው ጠርዝ ይሰበራል። የተቀጠቀጠው ብረቱ የታመቀ ስለሆነ ከመሰበሩ በፊት ይታጠፋል፣ ጊዜ ይሰጣል። ቢሆንም ፒስተኑ ቢተርፍ የቴስታታው ጋስኬትና የቢየላው ኩሽኔታ ያንኑ ዱላ መቀበላቸው አይቀርም።

«ደጋ ላይ ሞተር አያንኳኳም፤ ኮምፕሬሽኑን እንደልብ ማሳደግ ይቻላል»

ከተረቶቹ ሁሉ አደገኛው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። አየሩ የሳሳበት ሞተር ጭምቁ ስለሚላላ ያን ያህል አያንኳኳም። ጎንደር ላይ 12 ሬሾ ያለው ሞተር መጨረሻ ላይ የሚደርስበት ግፊት፣ 10.5 ሬሾ ያለው ሞተር ባሕር ወለል ላይ ከሚደርስበት ያንሳል። እዚህ ድረስ ስሌቱ ትክክል ነው።

ነገር ግን የጎንደር መኪና ጎንደር ብቻ አይውልም። በአይከል በኩል ወደ መተማ ሲወርድ ከፍታው 700 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ግፊቱ ወደ 92 በመቶ ይመለሳል፤ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማ የሚወርደውም መኪና ወደ ቆላ ሙቀት ነው የሚገባው። በመተማ አየር 12 ሬሾ ያለው ሞተር፣ ፋብሪካው ለባሕር ወለል ካሰበው ግፊት 9 በመቶ ያህል አልፎ ይጨምቃል፤ የሚያስገባው አየርም የጋለ ነው። ማንኳኳትን ሁለቱም ያባብሳሉ።

የነዳጁን ነገር ደግሞ እናውቀዋለን። ማደያ ላይ «ከፍተኛ ኦክቴን» ብሎ መምረጥ የለም። ወረፋው ሲበዛ በሃይላንድና በጀሪካን የሚሸጠው ቤንዚን ይመጣል፤ ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ኦክቴኑ፣ ማለትም ማንኳኳትን የመቋቋም አቅሙ፣ ክፉኛ ይወርዳል። ማንኳኳትን የሚሰማ ሴንሰር ያለው ሞተር ኮምፒውተሩ የብልጭታውን ሰዓት አዘግይቶ ራሱን ያድናል፤ ያን ጊዜ በስንት ወጪ የተገኙት ሦስት ፈረሶች ተመልሰው ይሄዳሉ። ሴንሰር የሌለው የድሮ ባለ ካርቡራቶር ኮሮላ ያንኳኳል፣ ሾፌሩም ሬዲዮ ከፍቶ ይነዳል።

ስለዚህ ሬሾ የሚመረጠው መኪናው ሊሄድበት የሚችለውን ዝቅተኛና ሞቃት ቦታ አስቦ ነው። ከአዘዞ እስከ ደባርቅ ብቻ የሚመላለስ መኪና 12ን ሊሸከም ይችላል። ሰሊጥ ለመጫን መተማ ለሚወርድ ፒክአፕ ግን በእኔ ግምት የፋብሪካውን ሬሾ መንካት ገንዘብ ከፍሎ ራስ ምታት መግዛት ነው።

«ፎርጅድ ሁሉ አንድ ነው»

ሁለት ዓይነት የአልሙኒየም ቅይጦች አሉ፤ ሻጩ የትኛው እንደሆነ መናገር ካልቻለ አይገዛም። 4032 የሚባለው 12 በመቶ ያህል ሲሊከን አለው፤ ሲሞቅ እምብዛም አይሰፋም። 2618 የሚባለው ሲሊከን የለውም ማለት ይቻላል፤ ድብደባን በደንብ ይችላል፣ ሲሞቅ ግን ይበልጥ ይሰፋል። ስለዚህ ሲገጠም በሲሊንደሩ ውስጥ ሰፋ ያለ ክፍተት ይተውለታል። ለካስት ፒስተን የሚተወው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከሚሊ ሜትር መቶኛ ሦስት እስከ አምስት ሲሆን፣ ለ2618 ስምንትና ከዚያ በላይ ይሆናል።

ይህ ልዩነት ደባርቅ ላይ ማለዳ ይሰማል። ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ የ2618 ፒስተን ጠዋት ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ ይንኳኳል፤ ሲሞቅ ይተዋል። ለውድድር መኪና ችግር የለውም፤ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ሞተሩ ይሞቃልና። በከተማ ውስጥ አጭር አጭር መንገድ የምትሄድ ታክሲ ግን ሞተሯ በደንብ ሳይሞቅ ትቆማለች፤ ዘይት ትበላለች፣ ቤንዚን ወደ ዘይቷ ይወርዳል። ተርቦ ለሌለው የደጋ መኪና ፎርጅድ የግድ ካስፈለገ 4032 ይሻላል።

የተባለው ፒስተን በእርግጥ የተቀጠቀጠ መሆኑን ለማየት ገልብጦ ውስጡን መመልከት ይረዳል። የተቀጠቀጠው ሻጋታው ቀጥ ብሎ መውጣት ስላለበት ሆዱ ቀለል ያለ ቅርጽ አለው። ውስጡ የተወሳሰበ፣ የብረት ቁራጭ የታሰረበት፣ የመቅለጥ ምልክት ያለበት ከሆነ የከፈሉት ለካስት ነው።

«ታዲያ ዳገቱን በምን እንውጣው?»

አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ የፓይክስ ፒክ የተራራ ውድድር አለ። መነሻው 2,862 ሜትር ነው፤ ደባርቅ በሉት። መድረሻው 4,302 ሜትር፤ ከቧሂት መንገድ ትንሽ ከፍ ይላል። በ2013 እ.ኤ.አ. ሰባስቲያን ሎብ በ8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ የወጣው በተርቦ ፔዦ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ሮማ ዱማ 7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ያስመዘገበው ደግሞ አየር በማያስፈልገው የኤሌክትሪክ ፎልክስዋገን ነው። በገንዘብ የማይታሙት ቡድኖች ለዚያ ከፍታ የመረጡት አየር የሚጨምቅ ወይም አየር የማይሻ ሞተር ነው።

ለእኛ ቅርቡ መፍትሔ ማርሹ ነው። የዲፈረንሻሉን ሬሾ ለዳገት መቀየር፣ ወይም በቀላሉ ሞተሩ ሳይታነቅ ቀድሞ ማርሽ መቀነስ፣ ንጹሕ የአየር ማጣሪያ፣ ትክክለኛ የብልጭታ ሰዓት። ናፍጣ ከሆነ ከፋብሪካው ተርቦ ያለውን ሞተር መፈለግ።

ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም ፎርጅድ የሚገጥም ሰው በቅደም ተከተሉ ላይ ይጠንቀቅ። በእኛ ልማድ ሞተሩ ይወርዳል፣ ቶርኖ ቤት ሲሊንደሩን 0.50 ሚሊ ሜትር ያሰፋዋል፣ ከዚያ ፒስተን ይፈለጋል። ለካስት ይህ ሊያስኬድ ይችላል። ፎርጅድ ሲሆን ግን ፒስተኑ መጀመሪያ እጅ ይግባ፤ አራቱም አምራቹ በወረቀቱ ባመለከተው ቦታ ላይ በማይክሮሜትር ይለኩ፤ ሲሊንደሩ የሚሰፋው ከዚያ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ ፒስተን በልኩ ነው። ፋሻውም ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ በሁለት ጫፎቹ መካከል ያለው አፍ በፊለር ጌጅ ይለካል፤ ከጠበበ በቀጭን ሞረድ ይስተካከላል። ይህን የማይሠራ ቶርኖ ቤት ከሆነ የፋብሪካውን ካስት ገጥሞ መሄድ ይሻላል።