ተቀምጦ የሚውል አዳኝ

ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ የሚወጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው አዞውን ነው። ጀልባ ነጂውም ይህን ስለሚያውቅ በቀጥታ ወደ አዞ ገበያ፣ ኩልፎ ወንዝ ሐይቁን ወደሚቀላቀልበት ዳርቻ ይወስደዋል። ሁሉም ጭቃው ላይ አፉን ከፍቶ የተጋደመውን አውሬ ፎቶ ሲያነሳ፣ ውሃው ዳር ባለ ዛፍ ጫፍ ላይ ራሱ፣ ደረቱና ጅራቱ ነጭ፣ ሆዱ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ፣ ክንፉ ጥቁር የሆነ ትልቅ አሞራ ተቀምጦ ይታያል። ዓሣ በል ንስር ነው። ዛፎቹን ቀስ ብሎ የቃኘ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛውንም ያገኛል። ጥንድ ሆነው ነው የሚኖሩት።

ኩልፎ ከጋሞ ደጋ፣ ከጉጌ ተራሮች ተነስቶ አርባ ምንጭን አልፎ ጫሞ ይገባል። ከከተማዋ ሥር ያለው ደን በዝናብ ብቻ የሚኖር አይደለም። ከገደሉ ግርጌ የሚፈልቀው ውሃ ሥሩን ስለሚያርሰው በጋውንም ለምለም ነው፤ ሾላዎቹም ሰማይ ይነካሉ። ለዚህ አሞራ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚህ አለ፦ ረጅም ዛፍ፣ ዓሣ ያለበት ውሃ፣ ከላይ ሆኖ የሚቃኝበት ቅርንጫፍ። ሁሉም ከአርባ ምንጭ የሲቀላ ሰፈር ቤቶች ብዙ ሳይርቅ ይገኛል።

የዚህን ወፍ ፎቶ ያየ ሁሉ የሚያውቀው ጥፍሩን ዘርግቶ ከውሃ ላይ ዓሣ ሲነጥቅ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ የቀኑ በጣም አነስተኛው ክፍል ነው። ከማለዳ እስከ ማታ የተከታተለው ሰው የሚያየው ባመዛኙ መቀመጥን ነው። ይቀመጣል፣ ላባውን ያበጃል፣ ይጮኻል፣ እንደገና ይቀመጣል። ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ ይህን አሞራ ለዓመታት ያጠናው ሌስሊ ብራውንም ደጋግሞ ያየው ይህንኑ ነው። ሰውየው ለእኛም አገር ባዳ አልነበረም፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዋልያንና የደጋ አጋዘንን ፍለጋ ተራሮቻችንን ወጥቷል።

መቀመጡ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ዓሣ ወደ ውሃው ገጽ ብቅ የሚለው መቼ እንደሆነ አይታወቅም፤ ከፍ ብሎ መጠበቅ ከላይ ታች ከመብረር ይልቅ ጉልበት ይቆጥባል። ሲመቸው ከቅርንጫፉ ዝቅ ብሎ ይወርዳል፣ ውሃው ላይ ሲደርስ ሁለት እግሮቹን ወደ ፊት ይወረውራል። የጣቶቹ ውስጠኛ ገጽ በጥቃቅን እሾህ መሰል ቅርፊቶች የተሸፈነ ስለሆነ የሚያሟልጨው ቆሮሶ ወይም አምባዛ አያመልጠውም። ከ2 ኪሎ ግራም ገደማ የሚበልጥ ዓሣ ከያዘ ግን መነሳት ያቅተዋል፤ ያኔ ክንፉን እንደ መቅዘፊያ እየተጠቀመ ዳር ድረስ ይጎትተዋል። በአዞ ሐይቅ ላይ ይህ ድፍረት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ባዶ እግሩን ይመለሳል። ሌላ ወፍ የያዘውን ቀምቶ ሲበላም አያፍርም።

ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ነው የሚለቀው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበላል፤ የወንዱ ድምፅ ቀጠን ያለ ነው። ይህ የግዛት አዋጅ ነው፦ ይህ ዳርቻ ባለቤት አለው። ድንበር በየዕለቱ በጩኸት ከተከበረ በጥፍር መጋጨቱ ይቀንሳል።

ጎጆው ከአንድ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የእንጨት ክምር ነው። ጥንዶቹ በየዓመቱ ወደዚያው ተመልሰው ጭራሮ ይጨምሩበታል፤ ዓመታት ሲያልፉ አንዲት ጎጆ ትልቅ ሸክም ስለምትሆን ደካማ ቅርንጫፍ አይችላትም። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፦ እሷ ከ3 ኪሎ ግራም በላይ፣ እሱ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ግራም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል በቀናት ልዩነት ትጥላለች። ከ42 እስከ 45 ቀን መታቀፍ አለ፤ ይበልጡን እሷ ትታቀፋለች፣ እሱ ዓሣ ያመላልሳል። ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው በዚህ ወቅት ከጎጆው ጠርዝ ላይ ነጭ ራስ ብቻ ነው የሚታየው።

ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ እናትየው ዓሣውን በምንቃሯ በቁራጭ እየቆረሰች በየአፋቸው ታቀብላለች። ያን ግዙፍ መንጠቆ ምንቃር አጎንብሳ፣ የጣት ጥፍር የምታህል ሥጋ ለሚንቀጠቀጥ ጫጩት ስትሰጥ ማየት የትዕግሥትን ዋጋ ይከፍላል። ቀጥሎ ያለው ግን ለሁሉም ሰው ዓይን አይመችም። ቀድሞ የተፈለፈለው ታናሹን ይነክሰዋል፣ ከምግብ ያግደዋል። ብዙ ጊዜም ታናሹ ይሞታል። ወላጆቹ አይገላግሉም። በጭካኔ አይደለም፤ ሁለተኛው እንቁላል መጠባበቂያ ነው፦ ዓሣው ከበዛ ሁለቱም ያድጋሉ፣ ካነሰ አንዱ ይተርፋል።

እዚህ ላይ በየስብከቱና በየሥልጠናው የምንሰማውን ታሪክ ማንሳት ግድ ይላል፦ ንስር 40 ዓመት ሲሞላው ተራራ ላይ ወጥቶ ምንቃሩን በዓለት ሰብሮ፣ ጥፍሩን ነቅሎ ራሱን ያድሳል የሚለውን። የሚያምር ተረት ነው፤ እንዲህ ያደረገ ንስር ግን በረሃብ ይሞታል። የንስር ላባ ሳይታወቅ በየጊዜው ይለወጣል፤ ምንቃሩም እያደገ እየተፋቀ ይኖራል።

በሩቅ አገር ከተሞች የዓሣ በል ንስራችን አምሳያ ፎቅ ላይ የሚፈለፍለው ጭልፊት ነው። በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተወርውሮ እርግብ አየር ላይ ይመታል፤ ሰዎች ጎጆው አጠገብ ካሜራ ተክለው ጫጩቶቹን ይከታተላሉ። ይህ ጭልፊት ከምሥራቅ አሜሪካ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ምክንያቱ ዲዲቲ የተባለው የተባይ ማጥፊያ ነው፦ መርዙ በምግብ በኩል ተጠራቅሞ የእንቁላሉን ቅርፊት ስለሚያሳሳው እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበራል። አሜሪካ ዲዲቲን በ1972 (እ.ኤ.አ.) ከለከለች፤ በሰው እጅ ያደጉ ጭልፊቶችም ተለቀቁ፣ አንዳንዶቹ ከተማ ውስጥ።

ዓሣ በል ንስርም በዚሁ ጎዳና ላይ ያለ ወፍ ነው፤ ትልልቅ ዓሦች ትንንሾቹን ስለሚበሉ መርዙ እሱ ዘንድ ሲደርስ ተጠራቅሞ ነው። ወባ በበዛበት በአርባ ምንጭና በመሰል ቆላዎች ዲዲቲ ለአሥርተ ዓመታት በቤት ግድግዳ ላይ ተረጭቷል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዓሦች ላይ በተደረጉ ምርመራዎችም ቅሪቱ ተገኝቷል። ሰው ወባን የተከላከለበትን መድኃኒት ማውገዝ ቀላል አይደለም፤ እኔም አላወግዝም። ግን አንድ ጥንድ ለተከታታይ ዓመታት ታቅፎ ጫጩት ካላወጣ ውሃው መመርመር አለበት። ከመርዙ ይልቅ በዓይን የሚታየው ችግር ግን መጥረቢያው ነው። የማገዶ ሸክም ከደኑ ወደ ከተማው ሲወጣ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ጎጆ የሚሸከም ሾላ ደግሞ ቶሎ አይተካም።

ጎጆ ያለበትን ዛፍ ያገኘ ሰው ሥሩ ቆሞ አይመልከት፤ ወላጆቹ ከተነሱ እንቁላሉ ለፀሐይም ለሌላ አሞራም ይጋለጣል። ከወንዙ ማዶ ሆኖ በአቅራቢ መነጽር ማየት ይሻላል፤ ማለዳ ደግሞ ከሁሉም ይመረጣል። ጫጩቱ ከ70 እስከ 75 ቀን ሲሞላው ይበራል፤ ከዚያም በኋላ ለሳምንታት ከወላጆቹ ዓሣ ይጠብቃል። ወላጆቹን ግን አይመስልም፤ ቡናማና ዝንጉርጉር ስለሆነ ብዙ ሰው ሌላ ወፍ ይመስለዋል። ነጩ ራስ ጥርት ብሎ እስኪወጣ አምስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። እስከዚያ ያገኘውን እየለቀመ፣ የሌላውን እየነጠቀ ይዞራል፤ ዳርቻው ሁሉ ባለቤት ስላለው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየተባረረ ክፍት ቦታ ይጠብቃል።