«ከመድኃኒት 1.5 እጥፍ ይበልጣል» የተባለው ስፖርትና የሐብሩ ገበሬ

«ስፖርት ለድባቴ ከመድኃኒት 1.5 እጥፍ ይበልጣል» የሚለው ወሬ ከተነሣ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም ግን በማኅበራዊ ሚዲያ ይዘዋወራል። ከሥሩ ደግሞ «ኪኒኑን ጣሉት፣ ተነሥታችሁ ሩጡ» የሚል ምክር ይከተለዋል። ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን በአንድ ቀን ያቋረጠ ሰው ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ መነጫነጭና እንቅልፍ ማጣት ሊመጣበት ይችላል። እሱ በሽታው የባሰበት ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን መድኃኒቱን በድንገት የማቆም መዘዝ ነው። ቆይቶ ሕመሙ ራሱ ሊያገረሽም ይችላል። ወሬው የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል ስላልሆነ ከየት እንደመጣ እንየው።

እ.ኤ.አ. በ2023 የደቡብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ሰፊ ዳሰሳ አሳተሙ። 97 የቀደሙ ግምገማዎችን፣ በውስጣቸውም 1,039 ሙከራዎችንና ከ128,000 በላይ ተሳታፊዎችን ያካተተ ነው። የአካል እንቅስቃሴ የድባቴና የጭንቀት ምልክቶችን በመካከለኛ መጠን እንደሚቀንስ አሳየ። ይህ ራሱ ትልቅ ዜና ነበር። «1.5 እጥፍ» የሚለው ግን ሯጮችንና ኪኒን ወሳጆችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በማወዳደር የተገኘ አይደለም። በሌሎች ጥናቶች ለመድኃኒትና ለምክር ሕክምና ከተመዘገበ ቁጥር ጋር በማነጻጸር የተነገረ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በመድኃኒት ሙከራ ውስጥ ያለ ሰው የሚውጠው እውነተኛ ኪኒን ይሁን ባዶ አያውቅም፤ ስፖርት የሚሠራ ሰው ግን መሥራቱን ያውቃል፣ ይሻለኛል ብሎም ተስፋ ያደርጋል። በሁለት የተለያዩ ሚዛኖች የተለካን ነገር ይህ ይከብዳል፣ ያኛው ይቀላል ማለት አይቻልም።

ሁለቱን በቀጥታ ያወዳደረ ሥራ ከፈለግን እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ በሆኑ 156 ሰዎች ላይ የተደረገው አለ። ከ16 ሳምንት በኋላ ስፖርት የሠሩትም፣ ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱትም፣ ሁለቱንም ያደረጉትም ተቀራራቢ መሻሻል አሳዩ። መድኃኒቱ ቶሎ መሥራት ጀመረ፤ ስፖርቱ ዘግይቶ ደረሰበት። እጥፍ የሚባል ነገር ግን አልታየም።

ድባቴ ስል የአንድ ሰሞን መከፋትን ማለቴ አይደለም። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን፣ ልብ የሚጫን ሐዘን ወይም ደስ ይል የነበረው ሁሉ ጣዕም ማጣት፣ ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ፍላጎት፣ ከጉልበትና ከሐሳብ መዛባት ጋር ሲመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 332 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ ይገምታል። የሰሜን ወሎዋ ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነት ተይዛ የቆየች ከተማ ናት። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮም የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል። በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ ቀበሌዎች ቤቱን፣ ከብቱን ወይም ልጁን ያጣ ሰው ጥቂት አይደለም። «ሩጡ» የሚለው ምክር ለነዚህ ሰዎች ሲደርስ ምን ትርጉም እንዳለው መጠየቅ አለብን።

የሐብሩ ገበሬ እኮ ቀኑን ሙሉ ይንቀሳቀሳል! ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል። ሚስቱ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ተሸክማ ዳገት ትወጣለች። እንቅስቃሴ ብቻውን ድባቴን የሚያባርር ቢሆን ኖሮ በሲሪንቃና በውርጌሳ ዙሪያ ባሉ መንደሮች የተደበተ ሰው አይገኝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ሰፊ ትንተና ይህንኑ ነው ያሳየው፦ በትርፍ ሰዓት፣ ሰው ወዶ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ከተሻለ የአእምሮ ጤና ጋር ሲያያዝ፣ የግድ የሥራ ድካም ግን እንዲያ አልሆነም፤ እንዲያውም ከከፋ የአእምሮ ጤና ጋር ተያይዞ ተገኘ። ስለዚህ ለደከመ ገበሬ «ላብህን አውጣ» ማለት ከንቱ ነው። እሱ የጎደለው ሌላ ነገር ነው፦ የተስተካከለ እንቅልፍ፣ ዕረፍት፣ ሰውነቱን መንከባከብ፣ ከሰው ጋር መቀመጥ። ለከተማው ቢሮ ሠራተኛና ለሥራ አጥ ወጣት ደግሞ የእግር ጉዞው ራሱ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት መስተካከል ያለበት ግን እንቅልፍንና መንቃትን የሚመራው የሰውነት ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ በምክር ወረቀቶች ላይ «በቂ እንቅልፍ ይተኙ» ተብሎ በአንድ መስመር የሚታለፈው ይኸው ነውና።

በአንጎል ሥር፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚገናኙበት በላይ፣ 20,000 ገደማ የነርቭ ሴሎች ያሉበት ትንሽ ስፍራ አለ። መቼ እንደምንነቃ፣ መቼ እንደሚርበን፣ የሰውነታችን ሙቀት መቼ ከፍ ዝቅ እንደሚል፣ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን መቼ እንደሚወጣና ሜላቶኒን መቼ እንደሚፈስ የሚያቀናጀው ይህ ስፍራ ነው። የዚህ ሰዓት የራሱ ዙር በአብዛኛው ሰው ከ24 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል፤ በአማካይ በ10 ደቂቃ ገደማ። ካልታረመ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ይዘገያል። ዋነኛው አራሚ ብርሃን ነው፤ በተለይ የጠዋት ብርሃን። በዓይናችን ውስጥ፣ ለማየት ከምንጠቀምባቸው ሴሎች ሌላ፣ ሜላኖፕሲን የሚባል ንጥረ ነገር የያዙ ሴሎች አሉ። ሥራቸው ቅርጽ ማየት ሳይሆን የብርሃኑን መጠን ለዚያ ስፍራ ማሳወቅ ነው። የጠዋት ብርሃን ሲደርሳቸው ሰዓቱን ወደፊት ይስባሉ፤ የምሽት ብርሃን ሲደርሳቸው ወደ ኋላ ይጎትታሉ።

አሁን የተደበተ ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ አስቡ። ሌሊት ዓይኑ አይከደንም፤ ወይም ገና ሳይነጋ ይነቃና በሐሳብ ይብሰለሰላል። ብዙዎች ጠዋት ላይ ከሁሉ የከፋ እንደሚሰማቸው ይናገራሉ። ስለዚህ ሲነጋ ጋቢውን ተከናንቦ፣ መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። መስኮቷ ጠባብ የሆነች ቤት ውስጥ በቀን የሚኖረው ብርሃን ከጥቂት መቶ ሉክስ አያልፍም፤ ደጅ ላይ ግን በደመናማ ቀን እንኳ ብዙ ሺህ ሉክስ ነው፣ በጠራ ፀሐይ እስከ 100,000 ይደርሳል። ሰውየው ሰዓቱን የሚያርምበትን ብርሃን ሸሸ ማለት ነው። ማታ ደግሞ ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኖ ያመሻል፤ የዘገየውን ሰዓት ይበልጥ ያዘገየዋል። እንቅልፉ ይዛባል፣ የተዛባው እንቅልፍ መንፈሱን ይጥላል፣ የወደቀው መንፈስ ደግሞ ከቤት እንዳይወጣ ያስረዋል።

በሰሜኑ ዓለም ክረምት ላይ ፀሐይ ስለምትጠፋ ሰዎች ይደበታሉ፤ ለዚህም ልዩ መብራት ይገዛሉ። ወልድያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀኖች መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ለኛ ብርሃኑ ዓመቱን ሙሉ ደጃችን ላይ ነው፣ በነጻ። እ.ኤ.አ. በ2016 በካናዳ ወቅት የማይለይ ድባቴ ባለባቸው 122 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ከሕመምተኞቹ ከፊሎቹን በየጠዋቱ ለ30 ደቂቃ 10,000 ሉክስ ብርሃን ፊት አስቀመጠ። ብርሃን ብቻውን ረዳ፤ ከሁሉ የበለጠ የረዳው ግን ብርሃንና ፍሉኦክሰቲን አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ፍሉኦክሰቲን በጤና ተቋሞቻችን ለድባቴ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ከኪኒንና ከሌላው ዘዴ አንዱን ብቻ ምረጡ ለሚሉት ይህ ሙከራ መልስ ይሰጣል።

ጥንቃቄውንም ልናገር። የካናዳው ሙከራ ትንሽ ነው። በብሪታንያ ከ86,000 በላይ ሰዎች የብርሃን መለኪያ አስረው የተጠኑበትና ሌሊት ብዙ ብርሃን ያገኙት ለድባቴ ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው የተገኙበት ሥራ ደግሞ ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ ድባቴው ራሱ ሊሆን ይችላል ሰውየውን ሌሊት የሚያስነቃው። ስለ እንቅስቃሴም እንዲሁ ነው፦ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ 218 ጥናቶችን የያዘ ትንተና የእግር ጉዞ ወይም ሶምሶማ፣ ዮጋና የጡንቻ ማጠንከሪያ እንደሚረዱ ቢያሳይም፣ አብዛኞቹ ጥናቶች ለአድልዎ የተጋለጡ እንደሆኑ አዘጋጆቹ ራሳቸው ጽፈዋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ በተለመደው ሕክምና ላይ የእንቅስቃሴ ምክርና ማበረታቻ መጨመር ድባቴውን አላሻሻለም ብሏል። እኔ ከዚህ የምረዳው እንዲህ ነው፦ «ተንቀሳቀስ» ብሎ መምከርና ሰውየውን ይዞ መውጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ቁም ነገር። የተደበተ ሰው «ሲሻለኝ እወጣለሁ» ይላል። ቅደም ተከተሉ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በጊራና ሜዳ በሞተር ፓምፕ የሚያጠጣ ገበሬ ይህን ያውቀዋል፤ ፓምፑ ውስጡ አየር ከሞላ የቱንም ያህል ቢሽከረከር ከወንዙ አይስብም፤ መጀመሪያ ከውጭ ውሃ ተሞልቶበት ነው መሳብ የሚጀምረው። ፍላጎትም ከትንሽ ድርጊት በኋላ ይመጣል። በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ የምክር ሕክምና አለ፤ ሕመምተኛው ስሜቱን ሳይጠብቅ በቀኑ ውስጥ ትንንሽ፣ የተወሰኑ ተግባራትን በሰዓታቸው እንዲያደርግ ይረዳል። በሕንድ ጎዋ 495 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2017 በላንሴት የታተመ ሙከራ ይህን ሕክምና የሰጡት ሐኪሞች ሳይሆኑ የሠለጠኑ ተራ የአካባቢ ሰዎች ነበሩ፤ ውጤቱም መልካም ሆነ። የአእምሮ ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት አገር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ላሉን ለኛ፣ ይህ በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው።

ታዲያ ትንሹ ድርጊት ምንድን ነው? እንቅልፍ ቢያጡም ባያጡም በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፤ ፊትን ታጥቦ ጠዋት 1 ሰዓት ሳያልፍ ደጅ መውጣት። ፀሐይዋን ትክ ብሎ ማየት አያስፈልግም፣ ዓይንንም ይጎዳል፤ ደጅ መሆኑ ብቻ ይበቃል። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ግቢ ውስጥ መቀመጥም ያው ነው። መርሳ ሞቃት ስለሆነች ለመራመድም ከሙቀቱ በፊት ያለው ሰዓት ይመቻል። ገላን መታጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ ለሴቷ ጸጉሯን መሠራት፤ ቤተሰብ የድባቴን መጀመሪያ የሚያይበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይኸው የተተወ ገላና ጸጉር ነው፤ መመለሱም ከዚያ ሊጀምር ይችላል። ባይርብም በሰዓቱ ጥቂት መቅመስ። በቀን አልጋ ላይ አለመዋል።

ቡናን ተዉ አልልም። የወሎ ቡና ከጎረቤት ጋር የሚያገናኝ ነው፤ የተደበተ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያጣው ሰው ነው። ግን ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት የተጠጣው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና በደም ውስጥ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማለዳው ቡና ይጠጣ፣ በማታው ላይ ለጨዋታው ይቀመጥ። በጫት ላይ ግን አላመቻምችም። ምርቃናው መንፈስን ያነሣ ይመስላል፤ ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር እንቅልፍን ይወስዳል፣ ሲለቅም ሰውየውን ከነበረበት ዝቅ አድርጎ ይጥለዋል። ሐራራውን በጫት፣ ምርቃናውን በጨብሲ እያስታገሠ የሚኖር ሰው ድባቴውን እየመገበ ነው።

ድካምና መፍዘዝ ሁሉ ድባቴ አይደለም። ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ ድባቴ ሊመስሉ ይችላሉ፤ በምርመራ ይለያሉ። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ፀበሉንም ዱዓውንም መድኃኒቱ አይከለክልም፤ እነሱም ኪኒኑን ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆኑ አይገባም። መቀነስ ወይም ማቆም ከፈለጋችሁ ካዘዘላችሁ ባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ፣ ቀስ በቀስ አድርጉት።

ቤተሰብ ሆይ፣ የተደበተውን ሰው «ሰነፍ» አትበሉት፣ «ተነሥ» ብላችሁም አትለፉት፤ ነገ ጠዋት እጁን ይዛችሁ አብራችሁት ደጅ ውጡ። መሞት እንደሚሻለው የሚናገር ከሆነ ግን ብቻውን አትተዉት፤ ገመዱንና የፀረ ተባይ መድኃኒቱን ከቤት አርቁ፣ በዚያው ቀንም በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱት።