የጡት ነቀርሳ ወደ አጥንት በገባ ጊዜ ሕመሙ ከምን እንደሚነሣ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ከልጅነታችን ጀምረን ሰምተናል። ነገር ግን በየቤታችን ያሉ እናቶችና እኅቶች ሕመማቸውን ቶሎ ሲናገሩ አይታይም። ወገባቸውን ሲቈረጥማቸው ብርድ ነው ይላሉ፤ ጐናቸውን ሲወጋቸው የሥራ ድካም ነው ይላሉ፤ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጡም ቤተ ሰቡን እንዳያስጨንቁ ዝም ብለው ያነጋሉ። ቀድሞ ነቀርሳ ይባል በነበረው፣ ዛሬ ካንሰር በሚባለው የጡት በሽታ ታማ በታከመች ሴት ላይ ግን ይህ ዝምታ እጅግ ብርቱ ጕዳት ያመጣል። ስለዚህ ይህ በሽታ ወደ አጥንት በገባ ጊዜ ሕመሙ ከምን ከምን እንደሚነሣ፣ ምንስ እንደሚያስታግሠው ለቤተ ሰብ እንዲጠቅም አድርገን ከዚህ ቀጥለን እንገልጣለን።

በኢትዮጵያ በሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ የጡቱ በቍጥር ይበልጣል። ይህም በሽታ ከተነሣበት ስፍራ አልፎ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሲዛመት ከሁሉ አብልጦ የሚያርፈው በአጥንት ላይ ነው። ደዌው ከጸናባቸውና ለሞት ካደረሳቸው 100 ሴቶች ውስጥ ወደ 70 በሚሆኑት በአጥንታቸው ውስጥ ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘውም አከርካሪን፣ ዳሌን፣ ጐድንን፣ የራስ ቅልን፣ እንዲሁም የጭንንና የክንድን የላይኛውን ክፍል ነው። አንዳንድ ጊዜ ይህ የሚሆነው ጡቱ ከታከመ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ሆነ፣ ሴቲቱም ዘመዶቿም የቀድሞውን በሽታና የአሁኑን ሕመም ሳያያይዙት ይቀራሉ። በአጥንት ውስጥ የተገኘውም ሌላ አዲስ በሽታ ሳይሆን ያው የጡቱ ካንሰር ነው።

ከሰውነት ክፍል ሁሉ አጥንትን የሚመርጠው ስለ ምንድን ነው? ስቲቨን ፓጄት የተባለ የሎንዶን ሐኪም ይህን ነገር መርምሮ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1889 ዓመት ላንሴት በሚባለው የሐኪሞች ጋዜጣ ላይ ጽፏል። በጡት ካንሰር የሞቱ የ735 ሕሙማንን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ ሰብስቦ ቢመለከት፣ በሽታው በጉበትና በአንዳንድ አጥንቶች በዝቶ በጣፊያ ግን ጥቂት ሆኖ አገኘው። ደም የሚወስደው እንዲያው በአጋጣሚ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ልዩነት ባልተገኘም ነበር። ስለዚህ ፓጄት የካንሰሩን ሕዋስ በዘር፣ የሰውነትን ክፍል ደግሞ በመሬት መሰለው። ጤፍ በወደቀበት ሁሉ እንደማይበቅል ገበሬ ያውቃልና ምሳሌው ለእኛም የቀረበ ነው። በ1940 ደግሞ ኦስካር ባትሰን የተባለ የአሜሪካ ሊቅ በአከርካሪ ዙሪያ ያሉት የደም ሥሮች መዝጊያ ስለሌላቸው ደም በውስጣቸው ወዲህም ወዲያም ሊሄድ እንደሚችል አሳየ። ከጡት የተነሣው ዘር ወደ አከርካሪ የሚደርስበት አንዱ መንገድም በዚህ ታወቀ።

ብዙ ሰው አጥንትን እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር አድርጎ ያስበዋል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። በአጥንት ውስጥ ዘወትር የሚተጉ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ። አንደኛው ያረጀውን የሚያፈርስ ኦስቲዮክላስት የሚባል ሕዋስ ነው፤ ሁለተኛውም በፈረሰው ስፍራ አዲስ የሚሠራ ኦስቲዮብላስት የሚባል ነው። በጤና ጊዜ አፍራሹና ገንቢው እየተጠባበቁ ይሠራሉ። ካንሰር ሲገባ ግን አጥንቱን ራሱ ከመብላት ይልቅ መልእክት እየላከ አፍራሾቹን ያበዛቸዋል፤ አጥንቱም ሲፈርስ በውስጡ ተከማችቶ የነበረው የማሳደጊያ ንጥረ ነገር ወጥቶ መልሶ ካንሰሩን ይመግበዋል። እንዲህ እያለ ካንሰሩ አፍራሹን ያበረታል፤ አፍራሹም ካንሰሩን ያጠግባል።

እንግዲህ ሕመሙ የሚነሣው ከአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ አፍራሹ ሕዋስ አጥንትን የሚያሟሟው አሲድ እያፈለቀ ስለ ሆነ ይህ አሲድ በአጥንቱ ውስጥ ያሉትን የነርቭ ጫፎች ይለበልባቸዋል። ሁለተኛ፣ ካንሰሩና እርሱን ሊቃወሙ የመጡት የሰውነት ሕዋሳት ፕሮስታግላንዲንና ይህን የመሰሉ ነገሮች ያወጣሉ፤ በዚህም ነርቮቹ ከልክ በላይ ስለሚነቁ ቀድሞ የማያሳምመው ትንሽ ንክኪ እንኳ ያሳምማል። ሦስተኛ፣ አጥንትን ከላይ የሸፈነው ስስ ልባስ በነርቭ እጅግ የተመላ ነው፤ እብጠቱ እያደገ ሲሄድ ይህን ልባስ ይወጥረዋል። በእንስሳት ላይ በተደረገው ምርመራም ነርቮቹ ራሳቸው እንደ ተቈረጠ ዛፍ እያቈጠቈጡ ሲበዙ ታይቷል። አራተኛ፣ አጥንቱ ከሳሳ በኋላ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይበዛበታል፤ ኋላም ጨርሶ ሊሰበር ይችላል። አምስተኛ፣ አከርካሪው ሲደረመስ ወይም እብጠቱ ሲገፋ በአጠገቡ የሚያልፈውን ነርቭ ይጫነዋል። ሕመሙ ሳይታከም ብዙ ጊዜ ከቈየም ኅብለ ሰረሰር መልእክቱን ከልክ በላይ አጕልቶ ማስተላለፍ ይጀምራል።

የሕመሙም ጠባይ እንደ ምክንያቱ ይለያያል። በመጀመሪያ ጊዜ ዝግ ብሎ የማያቋርጥ ቍርጥማት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም በሌሊት ይብሳል። አጥንቱ ሲሳሳ ሴቲቱ ስትነሣ፣ ስትራመድ፣ ስትስል በድንገት የሚመጣ ብርቱ ውጋት ይጨመርበታል። ነርቭ የተጫነ እንደ ሆነ ሕመሙ እንደ እሳት እየለበለበ ከወገብ ወደ እግር ይወርዳል፤ ወይም ጐንን እንደ መቀነት ዙሪያውን ያጠብቃል። ዳኛ ምስክር ሳይሰማ እንደማይፈርድ ሁሉ ሐኪምም ይህን ሳይሰማ በትክክል ሊያክም አይችልም። ምስክሯም ታማሚዋ ራሷ ናት። የት እንደሚያማት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ፣ በዕረፍት ወይስ በእንቅስቃሴ እንደሚብስ፣ ወዴት እንደሚወርድ ለይታ ብትናገር፣ ከራጅና ከሌላው ምርመራ ጋራ ሆኖ ምክንያቱን ለማወቅ ይረዳል።

ነገር ግን በጡት ካንሰር የታከመች ሴት አጥንቷን ባመማት ቍጥር በሽታው ተዛመተ ብሎ መደንገጥ አይገባም። አናስትሮዞልና ሌትሮዞል የሚባሉት ክኒኖች መገጣጠሚያን ያሳምማሉ፤ አጥንትንም ያሳሳሉ። ነጭ የደም ሕዋስን ለማብዛት የሚወጋው ፊልግራስቲም መቅኔው ሥራ ሲበዛበት ለጥቂት ቀን አጥንትን ይቈረጥማል። የዕድሜ ቍርጥማትም እንደ ማንኛውም ሰው በእርሷም ላይ ይመጣል። ይህን ከዚያ የሚለየው ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም።

ለነገ የማይባል ነገር ደግሞ አለ። ጀርባዋን የሚያማት ታማሚ እግሯ ቢዝል ወይም ቢደነዝዝ፣ ሽንትም ቢከለከላት ወይም ቢያመልጣት፣ ኅብለ ሰረሰሯ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባት። ቢዘገይ መራመድ ላትችል ትችላለች። እንዲሁም ከሚፈርሰው አጥንት የወጣው ካልሲየም በደም ውስጥ ሲበዛ ብርቱ ጥማት፣ የሆድ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽና የአሳብ መደናገር ያመጣል፤ ይህም አስቸኳይ ነው። ወጌሻ በጥበቡ ብዙ ሰው ረድቷል፤ ሆኖም በካንሰር የሳሳ አጥንት ቢታሽ ወይም ቢጐተት ሊሰበር ስለሚችል ታማሚዋን አስቀድሞ ለሐኪም ሳያሳዩ ለእሸት መስጠት ታላቅ ስሕተት ነው።

ምክንያቱ ከታወቀ ለእያንዳንዱ የሚስማማ ርዳታ አለው። አፍራሹን ሕዋስ የሚገቱ ዞሌድሮኒክ አሲድና ዴኖሱማብ የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ እነዚህም ከመጀመራቸው በፊት ጥርስን ማስመርመር ያስፈልጋል። ሊሰበር የቀረበውን አጥንት ቀዶ ጥገና ሐኪም በብረት ይደግፈዋል። ካንሰሩን ራሱን የሚያዳክሙትም የሆርሞንና ሌሎች መድኃኒቶች ሕመሙን ከሥሩ ይቀንሳሉ። የጨረር ሕክምና እብጠቱን ያሟሽሻል፤ ስብራትም የነርቭ መጫንም ለሌለበት ሕመም በአንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ 8 ግሬይ የተባለ መጠን በብዙ ቀን ተከፋፍሎ ከሚሰጠው ጋራ ሕመምን በማስታገሥ እኩል ሆኖ ተገኝቷል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ በነበረባት በአገራችን፣ ከሩቅ ለሚመጣ ታማሚ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሕመሙ ጥቂት ሊብስ፣ ዕረፍቱም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል መታገሥ ያስፈልጋል።

ስለ ሞርፊን የሚነገረውም ነገር መታረም አለበት። ሞርፊን ተጀመረላት ማለት ሞተች ማለት ነው የሚሉ ቤተ ሰቦች መድኃኒቱን ሲከለክሉ ይታያል። የዓለም የጤና ድርጅት በ1986 ባወጣው የሕመም ማስታገሻ መሰላል ሞርፊን ለብርቱ የካንሰር ሕመም የተመደበ መድኃኒት ነው። ሐኪም መጥኖ ካዘዘውና በታዘዘው ሰዓት ከተወሰደ ታማሚዋ እንድትተኛ፣ እንድትበላ፣ ከልጆቿም ጋራ እንድትጫወት ያደርጋታል። ሆድን ስለሚያደርቅ ግን የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይሰጣል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ እንዲህ ያለች እናት ወይም እኅት ብትኖር እንዴት ዋልሽ ብለህ ብቻ አትለፋት። ደኅና ነኝ ማለት ልማዷ ነውና ሌሊቱን እንዴት እንዳደረች፣ ከመኝታዋ ስትነሣ የትኛው ስፍራ እንደ ወጋት፣ እግሯም በርትቶ እንደ ሆነ ለይተህ ጠይቃት፤ የነገረችህንም ጽፈህ ይዘህ ከእርሷ ጋራ ወደ ሐኪም ሂድ። በሽታውን ከአጥንት ጨርሶ ማውጣት ብዙ ጊዜ ባይቻልም ሕመሙን ማቅለል ይቻላል፤ ይህም የሚጀምረው እርሷ ስትናገርና እኛ ስንሰማት ነው።