ስለ አራዳው ባቡርና ስለ ዶሮ ማነቂያ

የከተማ መንገድ ለሁለት ዐይነት ሰው ይሠራል፤ ይኸውም በዚያ ለሚያልፈውና በዚያ ለሚውለው ነው። የሚያልፈው ሰው መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ እንዲሆንለት ይሻል፤ የሚውለው ግን ጥላ፥ መቀመጫ፥ በደጃፉ የሚያነጋግረው ጎረቤትና በጥቂት እርምጃ የሚደርስበት ሱቅ ይሻል። በሰፊ ሜዳ ላይ የሁለቱ ፈቃድ አይጋጭም፤ መሬቱ ጠባብ፥ አሰፋፈሩም የቆየ በሆነበት እንደ አራዳ ባለ ስፍራ ግን ይጋጫል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር እስከ ምኒልክ አደባባይ እንዲወጣ በተወሰነ ጊዜ የተነሣው ክርክር ከዚህ የመጣ ነበር፤ ባቡሩ ከገባ በኋላም ክርክሩ መልኩን ለወጠ እንጂ አላለቀም።

አራዳና ባቡር አንድ ምዕት ዓመት ያህል ተራርቀው ኖረዋል። ከጅቡቲ የተዘረጋው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፥ ጣቢያው የቆመው ከዳገቱ በታች፥ ሕዝቡ ከፈረንሳይኛው ቃል ወስዶ ለገሃር ባለው ስፍራ ነበር። ከባቡር የወረደ መንገደኛ ዳገቱን በእግሩ ወይም በበቅሎ መውጣት ነበረበት፤ የሚሻው ነገር ሁሉ ከላይ ነበርና። ዳግማዊ ምኒልክ ከዓድዋ ድል በኋላ ያቋቋሙት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በአራዳ ነው፤ ትልቁም ገበያ ከአጠገቡ ነበር። ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ የጫኑት በዚያው በ1909 ዓ.ም. በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የነገሡት በዚሁ ነው። እንግዲህ የአራዳን መንገድ አስቀድሞ የቀደደው መሐንዲስ ሳይሆን እግር ነው፤ በበዓል ቀን ታቦት የሚያጅበው፥ በገበያ ቀን ሸክሙን ይዞ የሚወጣው ሰው ረግጦ አበጀው።

ጣልያን ከተማይቱን በያዘ ጊዜ ይህን አኗኗር ለወጠው። ገበያውን ከጊዮርጊስ አጠገብ ነቅሎ ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ አዛወረው፤ በ1923 ዓ.ም. የቆመውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት አውርዶ ቀበረው፤ ቤተ ክርስቲያኑንም በ1929 ዓ.ም. አቃጠለው። ነጻነት በተመለሰ ጊዜ ሐውልቱ ወደ ስፍራው ተመለሰ፥ ቤተ ክርስቲያኑም ታደሰ፤ ገበያው ግን በሄደበት ቀረ። ፒያሳ የሚለው ስምም ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ሆኖም ሕዝቡ የራሱ ስላደረገው ዛሬ ፒያሳ ሲል ጣልያንን የሚያስብ ሰው አይገኝም።

ቀላሉ ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የተከፈተው ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ የሚደርሰው የሰሜንና ደቡብ መስመር ነበር። ሁለቱ መስመሮች በአንድነት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 39 ጣቢያዎች ሲኖሯቸው፥ የወጣባቸውም ገንዘብ 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ከዚህም 85 በመቶው ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ባቡሩ ከአውቶቡስ ተራ ተነሥቶ በጎጃም በረንዳና በአትክልት ተራ በኩል ወደ ፒያሳ ይወጣል። ይህ አካሄድ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ጣልያን የለያያቸውን የአራዳን አደባባይና የመርካቶን ገበያ ሐዲዱ መልሶ አገናኝቷቸዋልና።

ነገር ግን በሐዲዱ መንገድ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች የረሸኗቸው የሰማዕቱ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሞ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ሐውልቱ ሊነሣ ነው በተባለ ጊዜ ከካህናትም ከምእመናንም ብዙ ሰው ደነገጠ፤ ስለ ምኒልክ ሐውልትም እንዲሁ ወሬ ተነሣ። ያን ጊዜ የተቃወሙትን ሰዎች የልማት ጠላት ማለት ቀላል ነበር፤ ትክክል ግን አልነበረም። ባዕድ ወራሪ ሐውልት አውርዶ በቀበረበት አደባባይ፥ ሐውልት ይነሣል የሚለው ቃል በሌላ ስፍራ እንደሚሰማው ሆኖ አይሰማም። የሥራው ኃላፊዎች መልስ ሰጡ። ሐዲዱ በአደባባዩ ላይ እንዳይሄድ በሥሩ ዋሻ ተቈፈረ፤ ሐውልቱ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ተመለሰ። የምኒልክ ሐውልት ከቆመበት አልተነቃነቀም።

የዚህ ክርክር ፍሬ በሌሎቹ ሰፈሮች ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ይታወቃል። ሐዲዱ በምድር ላይ በሚሄድባቸው በብዙ ስፍራዎች መንገዱ በአጥር ስለ ተከፈለ፥ እግረኛው ከባሻገር ያለውን ሱቅ በዐይኑ እያየ ለመድረስ ረጅም ዙሪያ ይሄዳል፤ አሮጊቷም ዘንቢሏን ይዛ መሻገሪያ ፍለጋ ትንከራተታለች። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር መሆኑ ሲታሰብ፥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አራዳ ከዚህ የዳነው ባቡሩ በሥሩ ስላለፈ ነው። ዋሻ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ይሁን እንጂ በዚያ ስፍራ ገንዘቡ በከንቱ ወጣ የሚያሰኝ ምክንያት የለም።

አራዳን በእውነት የለወጠው እንግዲህ ባቡሩ አይደለም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ፤ ከዚያ ወር በኋላ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ በሰፈሩ ሲጀመር፥ ዶሮ ማነቂያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈረሰ። ስሙ ለማያውቀው ጆሮ የሚከብድ፥ ለሚያውቀው ግን የሚያስፈግገው ያ ሰፈር፥ ጠባብ መተላለፊያዎቹ፥ የጭቃና የእንጨት ቤቶቹ፥ ምግብ ቤቶቹና ቡና ቤቶቹ ሁሉ ከቦታው ተነሡ። ነዋሪዎቹም አብዛኞቹ በከተማይቱ ዳርቻ ወደ ተሠሩ ቤቶች ሄዱ። ለባቡሩ የፈራው ሰው በ2005 ዓ.ም. የተጨነቀው ስለ አንድ ሐውልት ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. የሄደው ግን በሐውልቱ ዙሪያ ይኖር የነበረው ሕዝብ ነው።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳይጓደል የከተማውን አስተዳደር ነገር መስማት ይገባል። ዶሮ ማነቂያ በናፍቆት የሚነገርለትን ያህል ለኑሮ የተመቸ አልነበረም። ብዙዎቹ ቤቶች የቀበሌ ሆነው፥ ጣራቸው ዝጎ፥ ግድግዳቸው አዘንብሎ፥ አንድ መጸዳጃ ብዙ ቤተ ሰብ የሚጋራባቸው ነበሩ፤ እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ አልነበረም። ለእሳቱ ነገር የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆቴል የሚባለውን የጣይቱን ሆቴል ማስታወስ ይበቃል፤ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶታል። በኮሪደሩ ሥራም ለእግረኛ ሰፊ መሄጃ፥ ለብስክሌትም ለብቻው መንገድ፥ ሌሊትም መብራት ተገኝቷል። ከጭቃ ቤት የወጣች እናት ውሃና መጸዳጃ ባለው ቤት ስትገባ፥ ያ የድሮው ጎጆ ቅርስ ነበር ብሎ ማዘን ለእርስዋ ሳይሆን ለአላፊ አግዳሚው የሚቀል ነገር ነው።

ሆኖም አንድ ነገር ሳይመለስ ይቀራል። አስተዳደሩ በመዝገብ የገባ ቅርስ እንደሚጠበቅ አስታውቆ ነበር፤ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም የማይንቀሳቀስ ቅርስ እንዲመዘገብና እንዲጠበቅ ያዝዛል። ነገር ግን መዝገብ የሚያውቀው ቤትን ነው፤ አንዱን ቤት ከሌላው የሚያገናኘውን መተላለፊያ አያውቅም። ከዶሮ ማነቂያ ቤቶች አንዱን ብቻ ለይቶ የሚመለከት መርማሪ፥ ይህ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው ብሎ ያልፈዋል፤ አይሳሳትምም። የሰፈሩ ዋጋ ግን በአንዱ ቤት ውስጥ አልነበረም። ዋጋው አንድ ድኻ ሰው ከጊዮርጊስ ደጅ ተነሥቶ፥ ወርቅ ቤቶቹን አልፎ፥ በጠባቡ መንገድ ገብቶ፥ ባለችው ጥቂት ገንዘብ በልቶ፥ ከሚያውቀው ሰው ጋር ተነጋግሮ፥ ሳይሳፈር ወደ ቤቱ መመለስ በመቻሉ ነበር። በከተማ ቋንቋ አራዳ ማለት ብልህ፥ ነገር የገባው ማለት ሆኖ የቀረው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሰው ከሰው ጋር እየተጋፋ የሚኖርበት ስፍራ ያስተማረው ጠባይ ነውና።

ይህም ነገር ወደ ባቡሩ ይመልሳል። ባቡር መኪና አይደለም፤ መንገደኛውን ከቤቱ ደጃፍ አንሥቶ ከሚሄድበት ደጃፍ አያደርሰውም። ከጣቢያው ያወርደዋል፤ የቀረውን በእግሩ ይሄዳል። ስለዚህ ጣቢያ የሚጠቅመው በዙሪያው በእግር የሚደረስበት ቤት፥ ሱቅ፥ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሲኖር ነው። የምኒልክ አደባባይ ጣቢያ በተከፈተ ጊዜ ይህ ሁሉ ነበረው። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ በባቡሩ ሊገለገሉ ይችሉ የነበሩት ሰዎች ሐዲድ ወዳልደረሰበት ዳርቻ ሄዱ፤ ሐዲዱ ሰዎቹ በነበሩበት ቀረ። ባቡሩም ራሱ ከ41ዱ ሠረገሎቹ ከግማሽ የሚበልጡት በመለዋወጫ እጦት የቆሙበት ጊዜ ነበር፤ በብድር የተሠራ ሐዲድ ተሳፋሪውን ካራቀበት ዕዳው የሚከብደው ሁለት ጊዜ ነው።

አሮጌ ከተማና ባቡር አብረው እንዳይኖሩ የሚከለክል ሕግ የለም። ኢየሩሳሌምን የተሳለመ ካህን ይህን በዐይኑ አይቶት ይሆናል። በዚያ ከተማ ቀላሉ ባቡር በእኛ አቈጣጠር በነሐሴ 2003 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፥ ቀድሞ በአውቶቡስና በመኪና ታፍኖ የነበረው የያፋ መንገድ ለባቡርና ለእግረኛ ብቻ ሆነ። ሐዲዱ በአሮጌው ከተማ ቅጥር አጠገብ በደማስቆ በር በኩል ያልፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ወደ ዴር ሱልጣን የሚሄድ ተሳላሚ ከዚያ ወርዶ በድንጋዩ መንገድ በእግሩ ይገባል። በጣልያን አገር በፍሎረንስ ደግሞ ባቡሩ በትልቁ ካቴድራል ደጅ እንዲያልፍ ታስቦ ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ፥ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤቱ ያን መስመር ትቶ አደባባዩን ለማናቸውም ተሽከርካሪ ዘጋው። በፈረንሳይ አገር የቦርዶ ከተማ በ1996 ዓ.ም. ባቡሩን በአሮጌው ሰፈር ውስጥ አስገባ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን የሕንፃዎቹን ፊት እንዳያበላሽ ኃይሉን ከመሬት በሐዲዱ መካከል እንዲያገኝ አደረገ። ሦስቱ ከተሞች የወሰዱት መንገድ የተለያየ ነው፤ ሦስቱም ግን የቀነሱት መኪናን ነው፥ ሰፈርን አልቀነሱም።

በአዲስ አበባ የባቡሩ መስመር ከምኒልክ አደባባይ ወደ ሰሜን፥ እስከ ሽሮ ሜዳ እንዲቀጥል ከጥንቱ ታስቦ ነበር። ሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ ነው፤ ለበዓል ነጠላ፥ ለቤተ ክርስቲያንም ልብስ የሚሻ ሁሉ የሚወጣበት ነው። ያ ሥራ በተጀመረ ቀን የአራዳ ነገር እንደ ገና ይነሣል፤ ያን ጊዜም ሐዲዱ በየት ይለፍ ከሚለው ጥያቄ በፊት ባቡሩ ማንን ይጭናል የሚለው ሊቀድም ይገባዋል። በዶሮ ማነቂያ መሬት ላይ የሚቆመው ሁሉ ረጅም ሕንፃና የመኪና ማቆሚያ ብቻ ከሆነ፥ ከጣቢያው የሚወርደው ሰው ጠዋት መጥቶ ማታ የሚሄድ ሠራተኛ ብቻ ይሆናል፤ አደባባዩም ከመሸ በኋላ ለመብራቱና ለዘበኛው ይቀራል። ነገር ግን ከመሬቱ ከፊሉ በመካከለኛና በዝቅተኛ ኪራይ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች፥ ከሕንፃውም ምድር ቤቱ ለትንንሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ቢመደብ፥ መኪና የማይገባባቸው መተላለፊያዎችም ቢተዉ፥ ባቡሩ የሚጭነውን ሰው፥ ሰፈሩም የሚኖርበትን ሰው ያገኛል። ይህን ለማድረግ አዲስ ገንዘብ መበደር አያስፈልግም፤ የመሬቱን ፕላን የሚፈርመው እጅ ይበቃዋል።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በተነሣ ጊዜ የሚቀመጥበት ስፍራ ተነግሮ፥ እንደሚመለስም ቃል ተሰጥቶ ነበር፤ ቃሉም ተፈጽሟል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ሁሉ በመዝገብ የተጻፈ ስለ ነበረ፥ ከዶሮ ማነቂያ የወጡትን ቤተ ሰቦች ስም ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። በዚያ መሬት ላይ የሚሠራው ቤት ለኪራይ በሚቀርብበት ቀን ከማን ስም ይጀመር ለሚለው ጥያቄ መልሱ በዚያው መዝገብ ይገኛል።