የማረጥ ዕድሜን የሚወስነው ምንድን ነው?

ሁለት እህትማማቾች በአንድ ቤት ተወልደው፣ ከአንድ ማዕድ በልተው ያድጋሉ። የአንደኛዋ የወር አበባ በ44 ዓመቷ ሲቋረጥ፣ የሌላዋ እስከ 53 ዓመቷ ይዘልቃል። ቀድማ ያረጠችው «ምን አጥፍቼ ይሆን?» ብላ ትብሰለሰላለች፤ ጎረቤትም የመሰለውን ምክንያት ይሰጣል። እኛ የፊዚክስ መምህራን ብንሆንም፣ ጉዳዩን ስንመረምረው የክምችትና የመጉደል ፍጥነት ጥያቄ ሆኖ ስላገኘነው ለአንባቢያን ልናካፍል ወደድን።

አስቀድመን ትርጉሙን እናስቀምጥ። አንዲት ሴት በተፈጥሮ አርጣለች የሚባለው ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት ወይም እርግዝና ሳይኖር የወር አበባዋ ለተከታታይ 12 ወራት ሳይመጣ ሲቀር ነው። በበለጸጉት አገሮች አማካዩ ዕድሜ 51 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከ45 እስከ 55 ባለው ጊዜ ውስጥ መከሰቱ የተለመደ ነው።

የእንቁላሎች ክምችትና የመጉደሉ ሕግ

ሴት ልጅ የዘር እንቁላሎቿን ይዛ ትወለዳለች። ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች፣ በአምስተኛው ወር ገደማ፣ ቁጥራቸው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ይደርሳል። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን፣ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ደግሞ ከ300 እስከ 400 ሺህ ያህል ይቀራሉ። በማረጫዋ ጊዜ የሚተርፉት 1,000 ገደማ ብቻ ናቸው።

በየወሩ የሚወጡት እንቁላሎች በዕድሜ ዘመኗ ሁሉ ቢደመሩ ከ400 እስከ 500 ቢሆኑ ነው። የቀሩት እዚያው በማኅደራቸው ሳሉ ይከስማሉ። ስለዚህ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል እንቁላልን «ቆጥቦ» ማረጥን በብዙ ዓመታት ያዘገያል የሚለው ግምት በቀላል ሒሳብ ይወድቃል፤ የሚቆጠበው ከሚከስመው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነውና።

የክስመቱ ሒደት ተማሪዎች የሚያውቁትን የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች መፈራረስ ያስታውሳል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ግማሽ ዕድሜ አይለወጥም፤ የእንቁላሎች ክስመት ግን ከዕድሜ ጋር ይፋጠናል። ፋዲ፣ ጎስደንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረቡት ስሌት፣ የወጣትነቱ ፍጥነት ሳይለወጥ ቢቀጥል ኖሮ ማረጥ እስከ 71 ዓመት ገደማ በዘገየ ነበር። ፍጥነቱ የሚጨምረውም ቀስ በቀስ መሆኑን በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል።

ፍጥነቱን የሚለውጡ ነገሮች

ቀዳሚው ውርስ ነው። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በሴቶች መካከል ከሚታየው የማረጥ ዕድሜ ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘር የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ 200 ሺህ ያህል ሴቶችን ያካተተ ጥናት ደግሞ ከማረጥ ዕድሜ ጋር የተያያዙ 290 የዘረመል ሥፍራዎችን ለይቷል። ብዙዎቹ የተጎዳ ዲ.ኤን.ኤ.ን ከመጠገንና ከመቆጣጠር ሥራ ጋር የተያያዙ ናቸው። የእንቁላሉ ዕድሜ እንግዲህ ከጥገናው ብቃት ጋር የተቆራኘ ነው።

ሁለተኛው ሲጋራ ነው። የሚያጨሱ ሴቶች ከማያጨሱት በአማካይ ከ1 እስከ 2 ዓመት ቀድመው ያርጣሉ። በጭሱ ውስጥ ከሚገኙት ኬሚካሎች አንዳንዶቹ እንቁላልን እንደሚገድሉ በአይጦች ላይ ተረጋግጧል። ውርስን መለወጥ አይቻልም፤ ይህን ግን መተው ይቻላል።

ልጅ ያልወለዱ ሴቶችም በአማካይ ጥቂት ቀደም ብለው ያርጣሉ።

ማወቁ ለምን ይጠቅማል?

ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን አጥንትንና የደም ሥሮችን ይጠብቃል። ያለ ጊዜው ሲቀንስ የአጥንት መሳሳትና የልብ ሕመም ሥጋት ይጨምራል። በአንጻሩ ዘግይቶ ማረጥ የጡት ካንሰር ሥጋትን በመጠኑ ያሳድጋል። ስለዚህ መቅደሙም ሆነ መዘግየቱ የየራሱ ጥንቃቄ አለው።

ወደ እህትማማቾቹ እንመለስ። በ44 ዓመቷ ያረጠችው እህት ጥፋተኛም እርጉምም አይደለችም፤ ሆኖም ከ45 ዓመት በፊት ያረጠች በመሆኗ ሐኪም ማማከር ይገባታል። ሴቶች ልጆቿም ይህን ማወቅ አለባቸው። እናቷ ቀድማ ያረጠች ልጅ እርሷም ቀድማ የማረጥ ዕድሏ ከፍ ያለ ነውና፣ የመውለጃ ጊዜዋን ስታቅድ ልታስብበት ይገባል። የዚህ መጽሔት አንባቢ የሆናችሁ እህቶቻችን ለዚህ ቤተ ሙከራ አያሻችሁም፤ እናታችሁን በአክብሮት መጠየቅ ይበቃል።