ተጨማሪ መረጃ፦ ትንፋሽን ከመከተል እስከ ግድግዳ ፊት መቀመጥ

በቡድሃ እምነት ሜዲቴሽን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በፓሊ ቋንቋ «ሳማታ» የሚባለው አእምሮን የማረጋጊያ ልምምድ ነው፤ ትኩረት በአንድ ነገር፣ ብዙ ጊዜ በትንፋሽ ላይ ያርፋል።

«ቪፓሳና» ማስተዋልን ይሻል፦ ሁሉም ነገር አላፊ መሆኑን በራስ አካልና ስሜት ላይ ማየት። በበርማው መነኩሴ በማሃሲ ሳያዳው (እ.ኤ.አ. 1904–1982) ዘዴ ተለማማጁ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል በልቡ «ተነሣ፣ ወረደ» እያለ ይከታተላል። ጉልበቱን ቢያመው እግሩን ለመዘርጋት አይቸኩልም፤ «ሕመም፣ ሕመም» እያለ ሕመሙ ሲበረታ፣ ሲላላ፣ ቦታ ሲቀይር ያስተውላል። የቪፓሳና ፍሬ ነገር ከየትኛውም ትርጓሜ ይልቅ እዚህች ጉልበት ላይ ጎልቶ ይታያል።

«ሜታ» በመልካም ምኞት ቂምንና ጥላቻን ማለዘቢያ ነው። መልካም ምኞቱ ከራስ ይጀምርና ወደ ወዳጅ፣ ወደማያውቁት ሰው፣ በመጨረሻም ወደ ባላንጣ ይሰፋል፤ ከባዱም ይኸው የመጨረሻው ነው።

በጃፓን ሶቶ ዜን የሚባለው የቡድሃ እምነት ዘርፍ መነኮሳት ደግሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ዓይናቸውን በከፊል ገልጠው ይቀመጣሉ። የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መምህራቸው ዶገን እንዳስተማረው፣ መቀመጡ ራሱ የብርሃነ ልቡና መገለጫ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠበቅ ሌላ ግብ የለም።