የፈትል ደቦ

ዱከም የጤፍ አገር ናት፤ ጥጥ አይበቅልባትም። በአዲስ አበባና በአዳማ መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ ዛሬ ስሟ የሚነሳው በጥሬ ሥጋ ቤቶቿና በኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካዎቿ ነው። ጥጡ ያለው መንገዱን ተከትለው አዳማንና መተሐራን ካለፉ በኋላ፣ ወረር ባለበት የአዋሽ ቆላ ነው። ስለዚህ የደጋ ሴት ከድሮም ጥጧን ከገበያ ገዝታ ነው የምትፈትለው። ገዝታ ግን ብቻዋን ለመጨረስ ክረምት ከበጋ አይበቃትም፤ አንድ ሸማኔ በቀናት ሠርቶ የሚያወርደው ጋቢ ከፈታይዋ ብዙ ሳምንት ይበላል። መላው ጎረቤት መጥራት ነው።

የፈትል ደቦ ይባላል። በዚህ አካባቢ ኦሮምኛ የሚናገረው ጎረቤት ጥጡን ጅርቢ፣ የጋራ ሥራውን ደግሞ ዳቦ ይለዋል፤ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ለመብላት የተጠራ ቢመስለው አይፈረድበትም። ቡናና ቆሎማ መቼም አይቀርም። ከወንፈል የሚለየውም በዚሁ ነው፦ በወንፈል ዛሬ የፈተልሽልኝን ነገ እፈትልልሻለሁ፤ በደቦ ግን ጠሪዋ አብልታና አጠጥታ ታመሰግናለች።

ጥጡ ቀድሞ ይሰናዳል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ ሲዳመጥ ፍሬው ተፈልቅቆ ይወጣል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፤ ጅማቱ በተመታ ቁጥር የተቋጠረው ጥጥ እየተፈታ ደመና የመሰለ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ሲሆን ለእንግዶች ይታደላል። እያንዳንዷ የራሷን እንዝርት ይዛ ነው የምትመጣው፤ እጅ የለመደውን እንዝርት ማዋስም መዋስም አይመችም።

የጠሪዋ ብልሃት የሚለየው በዕደላው ነው። ጥጡ አንድ ይሁን እንጂ እጁ አንድ አይደለም። አንዷ አጥብቃ ታከራለች፣ ሌላዋ አላልታ ትለቃለች፤ የሁለቱ ክር እንደመጣ ከተሸመነ ጋቢው ላይ ቀጭንና ወፍራም መስመር ሆኖ ይታያል፣ ከታጠበ በኋላ ደግሞ ይብሳል። ድር በሸማኔው ዕቃ ላይ ተወጥሮ መሳቡን መቻል ስላለበት የጠበቀውን እጅ ይፈልጋል። ማግ ልስላሴና ሙቀት የሚሰጠው ስለሆነ የላላው እጅ ያምርበታል። የጎረቤቶቿን እጅ የምታውቅ ሴት አመልማሎውን ስታድል ይህን አስባ ነው፤ ማታ የሚሰበሰበውን ልቃቂትም ለየብቻ ታስቀምጣለች። በእኔ ግምት ደቦን ከተራ እርዳታ የሚለየው ይህ ዓይን ነው።

ፈትልን ማደል ጥንታዊ ነገር ነው። በ2ኛው መቶ ዘመን የተጻፈውና በያዕቆብ ስም የሚጠራው ጽሑፍ፣ ለቤተ መቅደስ መጋረጃ የሚሆነው ወርቅ፣ ሐር፣ ሐምራዊና ቀይ ግምጃ ለደናግል በዕጣ መታደሉን ይተርካል፤ ለማርያም የደረሳት ሐምራዊውና ቀዩ ነበር። በእኛ ትውፊት ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል እንደነበር ይነገራል፤ የብሥራቱን ሥዕል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየ ሰው እጇ ላይ ያለውን ፈትል ያስታውሳል።

ዛሬ ከፋብሪካ የሚመጣው ድር ርካሽና ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ሸማኔ ድሩን ከሱቅ ገዝቶ ማጉን ብቻ በእጅ የተፈተለ ያደርጋል። ደቦውም በዚያው ልክ አጥሯል። ዕደላው ግን ሌላ መልክ ይዞ ቀጥሏል። በ2004 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው ሳባሃር የተባለ ድርጅት ጥጥና ከጉሎ ቅጠል በል ትል የሚገኝ ሐር ለፈታዮች ይሰጣል፤ እነሱ ቤታቸው ፈትለው ክሩን ይመልሳሉ። እዚህ ዋጋው ቡና ሳይሆን ገንዘብ ነው። የማን እጅ ለድር፣ የማን ለማግ የሚለውን የሚለይ ሰው ግን እዚህም አስፈላጊ ነው።